ንዳድና የሠራተኛ መብት በምዕራብ ጎጃም

የጎጃምን ምድር ከደጋው አንሥቶ እስከ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ አገሩ እንደ ደረጃ የተሠራ መሆኑን ያስተውላል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ፍኖተ ሰላም ከእርሷ ዝቅ ብላ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ወዲያ የብር ወንዝ ሸለቆ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የደጋው ሰው ይህን ቁልቁለት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የአፈሩ ልምላሜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዛሬ ወባ የምንለው ንዳድ ነው። አፈሩ ይጠራዋል፤ ንዳዱ ያባርረዋል።

በቀድሞው ዘመን ገበሬው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ ነበረ። ቤተ ሰቡ በሕመም የወደቀበትን ሰው አዝመራም ጎረቤቱ በደቦ ያነሣለት ነበረ። በዚህ ሥርዓት አሠሪና ሠራተኛ የሚባል ወገን የለም፤ ዛሬ ጉልበቱን የሰጠ ነገ በፈንታው ይቀበላል። ይሁን እንጂ ደቦ የሚያገለግለው ጤነኛው ከበሽተኛው የበዛ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ይህም በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በግልጽ ታየ። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በበለጠበት በዚያ ጊዜ ወባ ከቆላ ተነሥቶ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ወይና ደጋ ላይ ተዛመተ። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን የሚያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 የሚያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም የሚገኙት በዚሁ ከፍታ ልክ ውስጥ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የወይና ደጋው ሰው ሰውነት በሽታውን አልለመደውምና ጉዳቱ እጅግ ከበደ። በአንድ ቤት አባትና ልጅ አብረው ሲተኙ፣ በጎረቤትም እንደዚያው ሲሆን፣ ደቦ የሚጠራም የሚጠራለትም አይገኝም።

ከዚህ መከራ በኋላ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ሠራተኞቹም የዲዲቲ መርጫ በጀርባቸው አዝለው በየመንደሩ ይዞሩ ጀመር። እነዚህን ሰዎች ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

በደርግ ዘመን በብር ሸለቆና በአየሁ የመንግሥት እርሻዎች ተስፋፉ። ሰፊ እርሻ ደግሞ በደቦ አይሠራም። ለአረሙና ለአጨዳው ከደጋው ሰው መቅጠር ግድ ነው። እዚህ ላይ የወራቱን ነገር ማስተዋል ይገባል፤ የወባ ዋና ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ እርሻው ብዙ እጅ የሚፈልገውም በእነዚያው ወራት ነው። ስለዚህ አባቶች ሲሸሹት የኖሩት ነገር፣ ለደመወዝ ሲባል በየዓመቱ የሚደገም ሆነ።

ሕጉስ ለዚህ ሰው ምን አዘጋጅቶለታል? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያዛል። በ1956 ዓ.ም. ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኞች በማኅበር የሚደራጁበትን መንገድ በሕግ ከፈተ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድደዋል። የታመመ ሠራተኛም በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ ናቸው።

ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ድንጋጌዎች የብር ሸለቆውን ሰው ከበር ላይ ያስቀሩታል። የመጀመሪያው፣ የሕመም ፈቃድ የሚገኘው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው ይላል። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ሲቆጠር ከሁለት ወር ያልፋል። ወባ ግን ይህን ያህል አይታገሥም፤ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ የሚነሣው በአብዛኛው ከ7 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው በአንቀጽ 98 ያለው ነው። በሥራው አካባቢ የሚገኝ ነዋሪ ወይም ተላላፊ በሽታ፣ ሠራተኛው እዚያው ቢይዘውም እንኳ፣ ከሥራ የመጣ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም፤ በሽታውን ለማጥፋት ብቻ የተሰማሩ ሠራተኞች ሲቀሩ። እንግዲህ የጸረ ወባ መርጫ ያዘለውና ማረሚያ የያዘው ሁለት ሰዎች በአንድ ማሳ ዳር በአንዲት ትንኝ ቢነከሱ፣ የፊተኛው ሕመም የሥራ ጉዳት፣ የኋለኛው ሕመም የአገር በሽታ ይባላል። የሕጉ ሐሳብ ይገባኛል፤ አሠሪው ትንኟን አልፈጠራትም፣ በአገር ሁሉ ላይ የመጣውን እርሱ ብቻ ይሸከም ማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚስማማው ሠራተኛው የዚያው ቦታ ተወላጅ ሲሆን ነው። ከደጋ ለአጨዳ የተጠራ ሰው በቤቱ ቢቀር ያ በሽታ በየት ያገኘው ነበረ?

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ መንግሥት ሌላ መንገድ ሄደ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በማስፈጸሚያ ደንቡም፣ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው ፕሮቶኮል ውጭ የግል አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ተከለከለ። ያ አዋጅ አምስት ወር ቆይቶ አበቃ። ለወባ እንዲህ ያለ አዋጅ አልወጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ 1,157ም ሞተዋል።

ሆኖም አዲስ ሕግ ሳይጠበቅ በያዝነው አዋጅ ውስጥ የሚገኝ ነገር አለ። የሙከራ ጊዜ የሚጸናው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግ ነው፤ ደግሞም ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ ዳግመኛ የተቀጠረ ሰው ለሙከራ አይቀጠርም። እንግዲያውስ አምናም ታች አምናም በዚያው እርሻ ያጨደ ሰው፣ ገና በወረደ በሁለተኛው ሳምንት ቢታመም እንኳ፣ ሙሉ ደመወዙን የሚጠይቅበት መንገድ አለው። የሚጎድለው ማስረጃ ነው። አሠሪው የጽሑፍ ውል ባያደርግ በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ አዋጁ ያዝዛል፤ ሠራተኛውም የሐኪም ወረቀት ማቅረብ አለበት። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀርብለት ሹም አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ሰውየው በስንት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ወደ እርሻው እንደ ወረደና የዚያ ዓመት የደመወዝ መዝገብ በማን እጅ እንዳለ ነው።