የአዳራሽ ስም ዋጋው ስንት ነው?

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሊንከን ሴንተር በሚባለው የኪነ ጥበብ ግቢ፣ በስድሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ስም የለዋወጠ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ አለ። በ1962 ሲመረቅ «ፊልሃርሞኒክ ሆል» ተባለ። በ1973 «ኤቨሪ ፊሸር ሆል» ሆነ። በ2015 ደግሞ «ዴቪድ ጌፈን ሆል» ተብሎ ተሰየመ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ ንጉሥ አልወረደም፣ አብዮትም አልፈነዳም። የተቀየረው ቼክ የቆረጠው ሰው ነው።

የዛሬው ጽሑፍ የዚህ ቼክ ታሪክ ነው። ገንዘቡን ስለሚሰጠው ባለጸጋ ብቻ ሳይሆን፣ ቼኩ እንዲቆረጥ ዓመታት ስለሚለፋውና ስሙ የትም ስለማይጻፈው ባለሙያም ጭምር ነው። በአሜሪካ ትልልቅ የቴአትር፣ የኦፔራና የኦርኬስትራ ድርጅቶች ውስጥ ሥራው ትልልቅ ስጦታ ማምጣት ብቻ የሆነ ሠራተኛ አለ። መድረክ ላይ አይወጣም። እሱ ከሌለ ግን መጋረጃው አይከፈትም።

▪️ ለምን አስፈለገ?

ነገሩ የሚጀምረው ከሂሳብ ነው። በ1966 ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ስለ መድረክ ጥበባት ኢኮኖሚ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህን ይመስላል። የጫማ ፋብሪካ አዲስ ማሽን ሲገባለት በያንዳንዱ ሠራተኛ ብዙ ጫማ ያመርታል። ቤትሆቨን ለአራት ተጫዋቾች የጻፈው ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፣ የሚፈጀውም ጊዜ ያው ነው። «ሦስት ሆነን በግማሽ ሰዓት እንጨርሰው» አይባልም። የሙዚቀኛው ደመወዝ ግን ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል ካላደገ ሙያውን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ወጪው ከዓመት ዓመት ይወጣል፣ ገቢው ደግሞ አይከተለውም። ትኬቱን ቢያስወድዱት ተመልካቹ ይሸሻል። በብዙዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎችና ኦፔራዎች የትኬት ሽያጭ የወጪውን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም።

ቀሪው ከየት ይምጣ? በጀርመንና በፈረንሳይ በአብዛኛው ከመንግሥት ካዝና ይመጣል። አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በ1917፣ ለጦርነቱ ሲባል የገቢ ግብር ሲጨምር፣ ባለሀብቱ ለበጎ አድራጎት መስጠቱን እንዳያቆም የሰጠው ገንዘብ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስለት ተፈቀደ። ይህች አንዲት የሕግ አንቀጽ ብዙ ነገር ወሰነች። መንግሥት ኪነ ጥበብን የሚደግፈው በጀት በመመደብ ሳይሆን በአብዛኛው ግብር በመተው ሆነ። የትኛው ኦፔራ ይኑር፣ የትኛው ይቅር የሚለውንም ሰጪው ይወስን ጀመር።

▪️ ከአንድ ሰው ኪስ ወደ ሬዲዮ

ከዚያ በፊትም ቢሆን ሀብታም ሰው ከሌለ ኦርኬስትራ አልነበረም። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን በ1881 ያቋቋመው ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን የተባለ የገንዘብ ነጋዴ ነው። የየዓመቱን ኪሳራ ለአሥርት ዓመታት ከኪሱ ሸፈነ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በ1883 የተከፈተው ደግሞ በኩርፊያ ነው ማለት ይቻላል። በነባሩ የኦፔራ ቤት የክብር ሎጅ የተነፈጋቸው አዳዲስ ሀብታሞች፣ ቫንደርቢልቶችን ጨምሮ፣ ተሰባስበው የራሳቸውን ሠሩ። ሎጆቹም ንብረታቸው ነበሩ።

ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ይህ አሠራር ተንገዳገደ። በ1935 ኤሌኖር ቤልሞንት የተባለች የቀድሞ ተዋናይት የኦፔራው ወዳጆች ማኅበርን አቋቋመች። በ1940 ደግሞ ኦፔራው ሕንጻውን ከሎጅ ባለቤቶቹ ለመግዛት አንድ ሚሊዮን ዶላር የማሰባሰብ ዘመቻ ከፈተ፣ ጥሪውንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሥርጭቱን በሬዲዮ ለሚያዳምጠው ሕዝብ አቀረበ። ኦፔራ ቤቱን ረግጦት የማያውቅ አድማጭ ሁሉ ዶላሩን ላከ። ኦፔራውም ከጥቂት ቤተሰቦች እጅ ወጣ።

▪️ ሙያው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልመናው ሙያ ሆነ። «ልመና» ስል ባለሙያዎቹ ይቆጣሉ፣ እውነትም አላቸው። ሥራው አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ማን አቅም እንዳለውና ማን ልቡ ወደ ሙዚቃ እንደሚያደላ መለየት ነው። ሁለተኛው መላመድ ነው፦ ልምምድ እንዲያይ መጋበዝ፣ ከሙዚቃ መሪው ጋር እራት ማብላት፣ የልጅነት ታሪኩን ማዳመጥ። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ሦስተኛው መጠየቅ ነው። ቁጥሩ በግልጽ ይጠራል፣ ከዚያ ጠያቂው ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ቀድሞ የተናገረ ይሸነፋል ይላሉ ሙያተኞቹ። አራተኛው ማመስገንና ገንዘቡ ምን እንደሠራ ማሳየት ነው። አራተኛውን የዘለለ ሰው ሁለተኛ ስጦታ አያገኝም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪው ገና ቤት የገባውን እንግዳ በዓይኑ ይመዝናል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ በግጥም ያነሳዋል፣ ሰው ሁሉ እያየ ብሩ ግንባሩ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ይጠብቃል፣ ከዚያም ያመሰግናል። አራቱም ደረጃዎች በአንድ ዘፈን ውስጥ አለቁ። በ2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» ላይ ለአንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ሲጠየቅም የእራቱ ጥበብ ያው ነበር።

▪️ «ለዘለዓለም»

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ። ኤቨሪ ፊሸር የድምፅ መሣሪያ አምራች ሲሆን ቫዮሊንም ይጫወት ነበር። በ1973 የሰጠው 10.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አዳራሹ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ድምፁ ተወቅሶ ስለነበር በ1976 ውስጡ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ዓመታት አልፈው ሌላ ትልቅ እድሳት ሲያስፈልግ ግን ችግር መጣ። አዲስ ባለጸጋ ብዙ ገንዘብ የሚሰጠው ስሙ ከተጻፈ ነው፣ ቦታው ደግሞ ተይዟል። የፊሸር ቤተሰቦች ስሙ ለዘለቄታው የተሰጠ ነው ብለው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እንደሚወስዱ ቀደም ብለው አስጠንቅቀው ነበር።

መፍትሔው በ2014 ተገኘ። ሊንከን ሴንተር ስሙን እንዲለቁ ለቤተሰቡ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስሙን ለማውጣት የተከፈለው፣ ስሙ ሲገባ ከተሰጠው በለጠ ማለት ነው (የዶላሩ የመግዛት አቅም መውደቁ ሳይረሳ)። በቀጣዩ ዓመት የሙዚቃና የፊልም ባለሀብቱ ዴቪድ ጌፈን 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በ2022 አዳራሹ በ550 ሚሊዮን ዶላር ታድሶ ተከፈተ። ሕንጻው በጌፈን ስም ነው። ውስጡ ያለው የሙዚቃ ክፍል ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር በሰጡት በጆሴፍ ሳይና በክላራ ዉ ሳይ ስም ይጠራል። ስም በሕንጻ፣ በክፍል፣ በመተላለፊያና በወንበር ሳይቀር ይሸጣል።

▪️ ሁለት ውድቀቶች

የዚህ አሠራር አደጋ ምን እንደሆነ ሁለት ታሪኮች ያሳያሉ። አንደኛው የአልቤርቶ ቪላር ነው። ይህ የአክሲዮን ባለሀብት በ1990ዎቹ መጨረሻ ለኦፔራ ቤቶች የገባው ቃል ብዙ ነበር። በኒው ዮርክም በለንደንም ስሙ በኦፔራ ቤቶች ውስጥ ተሰቀለ። የቴክኖሎጂ አክሲዮን ሲወድቅ ግን የገባውን ቃል ሁሉ መክፈል አቃተው፣ ስሙም ከግድግዳ ወረደ። በ2005 ታሰረ፣ በ2008 የደንበኞቹን ገንዘብ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ። ቃል ገንዘብ መስሏቸው እቅድ ያወጡት ድርጅቶች ግን ጉድለቱን ተሸከሙ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝናል። በ1943 የተቋቋመው ኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ ትኬቱ ለተራው ሕዝብ እንዲደርስ ታስቦ የተመሠረተ ስለነበር «የሕዝብ ኦፔራ» ይባል ነበር። ለአሥርት ዓመታት የተጫወተው በሊንከን ሴንተር ግቢ ባለው ስቴት ቴአትር ነው። በ2008 ዴቪድ ኮክ ለዚያ ቴአትር 100 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባና ሕንጻው በስሙ ተጠራ። ኦፔራው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በገንዘብ እጥረት ግቢውን ለቆ ወጣ። በ2013 ለመትረፍ 7 ሚሊዮን ዶላር ፈለገ። ከዚህ ውስጥ አንድ ሚሊዮኑን በኢንተርኔት ከሕዝብ ጠየቀ፣ አንድ ሦስተኛው እንኳ አልሞላም። በዚያው ጥቅምት የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ። ከዓመታት በኋላ በስሙ አነስ ያለ ቡድን ቢቋቋምም የድሮው አልተመለሰም።

አንድ መቶ ሚሊዮን ለሕንጻው ተገኘ፣ ሰባት ሚሊዮን ለዘፋኞቹ ጠፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በደመወዝ ላይ ስም አይጻፍም።

▪️ እኛስ?

የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት ተጀመረ። በ1948 ዓ.ም. ግን የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የተከፈተው ታላቁ ቴአትር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተባለ። አብዮቱ ሲመጣ «ብሔራዊ» ሆነ። በኒው ዮርክ ቼክ የሚቀይረውን ስም እኛ ዘንድ የሚቀይረው ሥርዓት ነው። ሁለቱም ዘንድ ተዋናዩ የሚኖረው አንድ ትልቅ ሰጪ እስከወደደው ድረስ ነው። አንዱ ሰጪ ባለጸጋ፣ ሌላው መንግሥት መሆኑ ብቻ ይለያያቸዋል።

በግል ባለሀብት የሚደገፍ ኪነ ጥበብ እኛም ጋ መምጣቱ አይቀርም። ሳይመጣ በፊት ሦስት ነገር ልብ እንበል። ስም ሲሰጥ ዘመኑ ተገድቦ በጽሑፍ ይስፈር። ለሕንጻ የሚሰጥ ሰው ከዚያ ላይ ለሠሪዎቹ ደመወዝና ለአዲስ ድርሰት እንዲያካፍል ይጠየቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ1940 በሬዲዮ እንደተጠሩት አድማጮች ያሉ ብዙ ትንንሽ ሰጪዎች ይኑሩ፤ ትልቁ ሰጪ ሲቀየም ቤቱ እንዳይዘጋ።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ሊንከን ሴንተር የተሠራው ሳን ሁዋን ሂል በሚባል፣ ጥቁሮችና ፖርቶ ሪኳውያን ይኖሩበት በነበረ ሰፈር ላይ ነው። ከ7,000 በላይ ቤተሰቦች ተነሥተዋል። በ2022 የታደሰው አዳራሽ የተከፈተው ይህንኑ ሰፈር በሚዘክር ሙዚቃ ነበር። ለዚያ አዳራሽ ከሁሉ የበለጠ የሰጡት እነሱ ናቸው እላለሁ። ማንም እራት ጋብዞ አልጠየቃቸውም፣ በአዳራሹም ላይ የተጻፈው የእነሱ ስም አይደለም።