ሰው የት ነበር?

ትልቋ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ገደማ ሲቀራት ቤታችን ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ቦቢ። ቦቢ ውሻችን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በራችንን የጠበቀ፣ ማታ ማታ እኔ ዜና ስሰማ እግሬ ሥር የሚተኛ፣ ከቆራሌውና ከቆጣሪ አንባቢው በቀር ከማንም ጋር ጠብ የሌለው ውሻ ነው። ልጄ እንደ ወጉ አራስነቷን እናቷ ቤት ልታሳልፍ ነውና ባለቤቴ ገና ከመቀመጣችን ፍርዱን አነበበችው።

«አራስ ቤትና ውሻ አይገናኙም። ወይ ለሰው ይሰጥ፣ ወይ የሆነ ቦታ ይወሰድ።»

ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን ደገፈቻት። «ውሻ እኮ በሕፃን ይቀናል፤ የወተቱ ሽታ ራሱ ያሳብደዋል» አለች። አማቼ ደግሞ በተራው፣ «ኧረ ውጭ አገር ውሻና ሕፃን አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፤ ምን ችግር አለው?» ብሎ ተከራከረ። አንዱ ውሻውን ጭራቅ አደረገው፤ ሌላው ሞግዚት። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አልነበረም። «የሆነ ቦታ ይወሰድ» የምትለዋን ቃል ከልጅነቴ ጀምሬ ስለማውቃት ነው። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ። ለጊዜው እንደ ልማዴ ወደ መጻሕፍት ሸሸሁ።

እናላችሁ፣ ይሄ የእኛ ቤት ክርክር ለካ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ነው። ጀርመን ውስጥ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1914 ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ መቃብር አገኙ። ወንድና ሴት ከአንድ ውሻ ጋር ተቀብረዋል። መቃብሩ 14,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ውሻው ገና ዓመት ያልሞላው ቡችላ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ጥርሱን የመረመሩ ሊቃውንት በጠና ታሞ እንደነበርና ሰው ባያስታምመው ኖሮ ለእነዚያ ሳምንታት በሕይወት ሊቆይ እንደማይችል ጽፈዋል። በዛሬዋ ሰሜን እስራኤል፣ አይን ማላሃ በተባለ ስፍራ በተገኘ 12,000 ዓመት ገደማ በሆነው ሌላ መቃብር ደግሞ ሟቹ እጁን ቡችላ ላይ አሳርፎ ነው የተቀበረው። ሰው እርሻ ሳይጀምር፣ በግ ሳያረባ፣ ዶሮ ሳያውቅ ውሻ ነበረው ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ዘመን ሕፃናት ውሻ ባለበት ቤት ውስጥ ተወልደዋል። ጥያቄውም አብሮ ተወልዷል።

ጥያቄው በታሪክ ውስጥ የቆየልን በተረት መልክ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ተረቱ አገር ለአገር ሲዞር እንስሳውን እየቀየረ መሄዱ ነው። ሕንዶች በፓንቻታንትራ መጽሐፋቸው ውስጥ እንዲህ ይተርኩታል። እናት ውኃ ልትቀዳ ትወጣለች፤ አባትም ቆይቶ በራሱ ጉዳይ ይወጣል። ሕፃኑ ሞንጉስ ከምትባል፣ ሽለምጥማጥ ከምትመስል የቤት እንስሳቸው ጋር ይቀራል። እባብ ይመጣል፤ ሞንጉሷ ትገድለዋለች። አፏ በደም ተነክሮ ልትቀበል ስትወጣ «ልጄን በላችው» ተብላ ትገደላለች። ሕፃኑ ግን በሰላም ተኝቷል። ይህ መጽሐፍ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፋርስ፣ በስምንተኛው ደግሞ «ከሊላ ወ ዲምና» ተብሎ ወደ ዓረብኛ ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻገረ።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ በሊዮን አካባቢ ይሰብክ የነበረ የቡርቦኑ ኤቲየን የሚባል መነኩሴ ነበር። ኑዛዜ ሲቀበል የባላገር ሴቶች «ቅዱስ ጊንፎር ዘንድ ሄደን ነበር» እያሉ ይነግሩታል። ሰማዕት መስሎት ቢጠይቅ ለካ ጊንፎር ውሻ ነው! ታሪኩ ያው ነው። የአንድ መስፍን ሚስት ወጥታለች፣ ሞግዚቷም ወጥታለች፣ መስፍኑም የለም። እባብ ወደ ሕፃኑ አልጋ ይመጣል፤ ውሻው ታግሎ ይገድለዋል፤ አልጋው ይገለበጣል። ሞግዚቷ ደሙን አይታ ትጮኻለች፣ እናት ትጮኻለች፣ መስፍኑ ሰይፉን መዝዞ ውሻውን ይገድላል። ከዚያ ሕፃኑ ሳይነካ ይገኛል። ውሻውን ጉድጓድ ከትተው ድንጋይ ከመሩበት፣ ዛፍም ተከሉበት። ባላገሩ ይህን ሰምቶ የታመመ ሕፃን ሁሉ ወደዚያ ጫካ ይዞ መሄድ ጀመረ። መነኩሴው አጥንቱን አስወጥቶ አስቃጠለው፣ ዛፎቹንም አስቆረጠ። ግን እናቶቹን ማን ያስቁማቸው? እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እዚያ መሄዳቸውን አልተዉም።

ዌልሶችም የራሳቸው አላቸው። ልዑል ልዌሊን ጌለርት የተባለ ውሻውን ገደለ፤ ከአልጋው ሥር ግን ሕፃኑና የሞተ ተኩላ ተገኙ። ዛሬም ቤድጌለርት መንደር የሄደ ሰው የውሻውን መቃብር ይጎበኛል። በነገራችን ላይ መቃብሩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ የሆቴል ባለቤት እንግዳ ለመሳብ ያስቀመጠው ነው ይባላል። ነጋዴ መቼም ነጋዴ ነው! ዋልት ዲስኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሌዲ ኤንድ ዘ ትራምፕ» በሚለው ካርቱን እባቡን በአይጥ ለውጦ ያንኑ ታሪክ ደገመው። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ይወለዳል፤ ተንከባክበዋት የኖረችው ውሻ ትረሳለች፤ ሕፃኑን ከአይጥ ያዳነው ውሻ ወንጀለኛ ተብሎ ይያዛል።

ሰዎች ይህን ተረት ሲያስተምሩበት «ሳታጣራ አትፍረድ» ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን ተረቶቹን አስቀምጬ ሳነጻጽር ሌላ ነገር ታየኝ። እንስሳው ይለወጣል፣ አገሩ ይለወጣል። የማይለወጠው ባዶው ክፍል ነው። በሁሉም ተረት ውስጥ ሕፃኑ ከእንስሳው ጋር ብቻውን ቀርቷል። እንስሳው ጀግና ተባለ፣ ነፍሰ ገዳይ ተባለ፣ ቅዱስ ተባለ። «ሰው የት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ይህን ጥያቄ እኔ የማልረሳበት ምክንያት አለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ መቻል የሚባል ውሻ ነበረን። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ፣ እስከዚያ ቀን ቤት ውስጥ እንደ ልቡ ይገባ የነበረው መቻል በዱላ ተባረረ። ለምን እንደተባረረ የነገረው የለም፤ ለውሻ ደግሞ በቃል አይነገርም። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እናቴ ሕፃኑን ፍራሽ ላይ አስተኝታ «ከአጠገቡ እንዳትነሳ» ብላኝ ወደ ጓሮ ወጣች። ውጭ ኳስ እየተጫወቱ ነበር። ወጣሁ። የተመለስኩት በእናቴ ጩኸት ነው። መቻል ፍራሹ ላይ ወጥቶ ሕፃኑ ራስጌ ቆሟል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። አጎቴ ውሻውን ደብድቦ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከቶ ይዞት ሄደ። «ወዴት ወሰድከው?» ስለው፣ «የሆነ ቦታ» አለኝ።

መቻል ምን ፈልጎ ፍራሹ ላይ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እባብ አልተገኘም፤ እኔም ተረት አልጨምርበትም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልተናገርኩም። ዛሬ ታናሽ ወንድሜ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ይህን ከእኔ የሚሰማው ገና ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ነው።

ወደ ታሪካችን ልመለስ። አማቼ እንደሚለው ውሻን ሞግዚት ያደረጉ ሕዝቦችም አሉ። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከኦሞ ሸለቆ ማዶ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የሚኖሩት ቱርካናዎች ውኃ በሌለበት በረሃ ሕፃናቱን ልሶ የሚያጸዳ ውሻ ያሳድጉ ነበር። ውሻው ሕፃኑን ይጠብቃል፣ ሲቆሽሽም ያጸዳዋል። ፍቅሩ እውነት ነበር፤ መዘዙም እንደዚያው። ውሻ የታረደ ከብት ጉበትና ሳንባ ሲበላ የሚይዘው ጥቃቅን የኮሶ ትል ዓይነት አለ። የዚያ ትል እንቁላል ሰው ውስጥ ሲገባ ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ትልቅ እብጠት ያበቅላል። ቱርካና አካባቢ ይህ ሃይዳቲድ የሚባል በሽታ በዓለም እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1983ም በሽታውን የመቆጣጠር ዘመቻ ተጀመረ። ፍቅር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

በእኛ ዘንድስ? እኛ ውሻን በር ላይ አስረን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ታማኝነቱን እናመሰግናለን፤ ሰው ልንሰድብ ስንፈልግም ስሙን እንዋሳለን። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ጠባሳ አለብን። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን የታየውን ፊልም የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ ቀረበ። የሚሞቱ ሕፃናት ይታያሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሥጋ የሚጎርሱ የንጉሡ ውሾች። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከዚያ ወዲህ በአእምሯችን ውስጥ ውሻና ሕፃን በአንድ ሚዛን ሁለት ወገን የተቀመጡ ይመስለኛል። ለአንዱ ማሰብ ሌላውን መበደል ይመስለናል።

ፍርሃቱም ቢሆን ከመሬት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ ክትባቱን የሞከረበት ጆዜፍ ማይስተር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። እኛም አዲስ አበባ ላይ በቀድሞው ኢንስቲትዩት ስም ሰፈሩን ሁሉ «ፓስተር» ስንለው ኖረናል። «ፓስተር ሄዶ ተወጋ» የተባለ የሰፈር ልጅ፣ ሆዱ ላይ በየቀኑ የወሰደውን መርፌ ሲተርክ ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ዛሬም በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ገደማ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ደግሞም ትንንሽ ልጆችን የሚነክሰው ብዙውን ጊዜ የማያውቁት የመንገድ ውሻ ሳይሆን የራሳቸው ቤት ወይም የጎረቤት ውሻ ነው። ባለቤቴ ስትፈራ ልክ ነበረች። ያልተስማማነው መፍትሔው ላይ ነው።

በመጨረሻ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ሕፃኑ ከመጣ በኋላ አይደለም፣ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚሠራው» አለኝ። ቦቢ የእብድ ውሻ ክትባቱን ተከተበ፣ የትል መድኃኒት ወሰደ። መኝታው ከሳሎን ወደ በረንዳው የተዛወረው ልጄ ከመውለዷ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ለውጡን ከሕፃኑ ጋር እንዳያያይዘው። ስልኬ ላይ የሕፃን ለቅሶ ቀድቼ መጀመሪያ በጣም ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረግሁ፣ ምግቡን ሲበላ አሰማው ጀመር። ጎረቤቶቻችን ምን እንዳሉኝ አልጽፈውም። ልጄ ስትወልድ ሕፃኗ የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ከሆስፒታል አስቀድሜ አምጥቼ አሸተትኩት። ቤት ሲገቡ ልጄ መጀመሪያ ብቻዋን መጥታ ሰላም አለችው፤ ሕፃኗ በኋላ ገባች። ቦቢ በማሰሪያ ተይዞ ከርቀት አሸተተ፤ ጅራቱን ወዘወዘ፤ ተኛ።

ሐኪሙ ሁለት ነገር አደራ ብሎኝ ነበር። አንደኛው፣ ውሻው ሕፃኗን አይቶ ቢያጉረመርም አትምታው የሚል ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማጉረምረም ክልክል መሆኑን የተማረ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከዚያ ይልቅ አርቀው፣ ምን እንዳስጨነቀው ፈልግ። ሁለተኛው ደግሞ፣ የቱንም ያህል የዋህ ቢሆን፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ውሻና ሕፃን ብቻቸውን አይቀሩም።

ይህን ሁለተኛውን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። «ይሄን ለመስማት ሐኪም ቤት ድረስ ሄድክ? አራስና ጨቅላ ብቻቸውን እንደማይተዉ እናቴም ታውቅ ነበር።» እውነቷን ነው። እናቶቻችን ከአራስ ቤት የማይጠፉበትን ምክንያት በብዙ ስም ይጠሩት ነበር። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ክፍሉ ባዶ አይሁን። መስፍኑም ልዑሉም ይህን ሕግ ቢያከብሩ ኖሮ ሰይፍ ባላስፈለጋቸው ነበር።

አሁን የልጅ ልጄ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ቦቢ በረንዳው ላይ ነው፤ ባለቤቴ ሳትወድ በግድ ትራፊ መስጠት ጀምራለች። ሕፃኗ ሳሎን ተኝታ ባለቤቴ ወደ ማድቤት ስትነሳ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆም ትላለች።

«ሰው አለ?»

«አለሁ» እላለሁ ጋዜጣዬን አስቀምጬ። እንደ ድሮው ወደ ውጭ አልወጣም።