የነገ ክብደት በስሜን ተራሮች፦ የወል ግጦሽ፣ የመነሣት ስጋትና የባለብዙ ወኪል ቁጥጥር

ብዙ ውሳኔ ሰጪዎች እያንዳንዳቸው በአጠገባቸው ያለውን ብቻ እያዩ ለራሳቸው የሚበጀውን ሲመርጡ፣ ድምሩ ለሁሉም የሚበጅ እንዲሆን ምን ዓይነት ደንብ ያስፈልጋል? የጨዋታ ንድፈ ሐሳብና የባለብዙ ወኪል ሥርዓቶች ቁጥጥር በሚገናኙበት መስክ የሚሠሩ የዶክትሬት ጥናቶች የሚጨነቁት በዚህ ጥያቄ ነው። ምሳሌዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ድሮኖች፣ የኤሌክትሪክ መረቦችና የከተማ ትራፊክ ናቸው። ከደባርቅ ከተማ ሽቅብ ባሉት የስሜን አምባዎች ግን ይኸው ጥያቄ በከብት፣ በሣርና በዋልያ መልክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖሯል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ በስሜን የወል ግጦሽን የሚወስኑት ዋነኞቹ መቆጣጠሪያዎች የቅጣቱ ብዛትና የጠባቂው ቁጥር ሳይሆኑ፣ ገበሬው ለነገ የሚሰጠው ክብደትና የጎረቤቱን ድርጊት የማየት አቅሙ ናቸው። የፓርኩ አስተዳደር ታሪክ ደግሞ ሁለቱንም ሲያዳክም የኖረ ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል ተመዘገበ። ከዚያም በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 ቆየ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ የግጦሽ ጫናን መቀነስ ነበር። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከገደሉ በታች ካሉ መንደሮች ሰዎች በኃይል ተነሥተዋል፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ደግሞ በ2016 ገደማ ካሣ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። በሁለቱ መካከል ያሉት ወደ አርባ የሚጠጉ ዓመታት ለዚህ ክርክር ከሁለቱ ክስተቶች ይልቅ ይጠቅማሉ። በእነዚያ ዓመታት በፓርኩ ውስጥ የሚኖር ሰው ዘንድሮ ካልሆነ ከርሞ ትነሣለህ የሚል ወሬ ከጆሮው አይጠፋም ነበር።

የዚህን ወሬ ዋጋ በቀላል ሞዴል ማስላት ይቻላል። ሁለት አባወራዎች አንድ ሜዳ ይጋራሉ እንበል። ሁለቱም ከብታቸውን ቢመጥኑ እያንዳንዳቸው በዓመት 3 ያገኛሉ። አንዱ ሲመጥን ሌላው ያለልክ ቢያሰማራ፣ ያለልክ ያሰማራው 4 ሲያገኝ የመጠነው ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለቱም ያለልክ ቢያሰማሩ ለየራሳቸው 1 ይደርሳቸዋል። ጨዋታው የአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ምንም ቢያደርግ ያለልክ ማሰማራት ያዋጣል። ጋሬት ሃርዲን በ1968 የወል ሀብት ሰቆቃ ያለው ይህንኑ ነው፤ በኋላ ራሱ ሐሳቡ የሚሠራው አስተዳደር ለሌለው የወል ሀብት እንደሆነ አርሟል። ጨዋታው በየዓመቱ የሚደገም ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ደንብ አፍራሽ ሁልጊዜ የሚታወቅ ከሆነና ከዚያ ወዲያ መተማመኑ ለዘለቄታው የሚፈርስ ከሆነ፣ መመጠን የሚያዋጣው ጨዋታው ለከርሞ የመቀጠል ዕድሉ ቢያንስ 1/3 ሲሆን ነው። ደንብ አፍራሹ የሚታወቀው ከአራት ጊዜ አንዴ ብቻ ከሆነ ይህ ወሰን ወደ 2/3 ይወጣል።

እንግዲህ ለከርሞ እዚሁ የመቆየት ዕድሉን እኩል በእኩል የሚገምት አባወራ እናስብ። ግምቱ 1/2 ስለሆነ ከሁለቱ ወሰኖች መካከል ይወድቃል። ሁሉም ሁሉን በሚያይበት መንደር ይህ ሰው ከብቱን ይመጥናል፤ ጭጋግ በሚውልበት፣ እረኛው ልጅ በሆነበትና የሣሩ መሳሳት ከዝናብ ይሁን ከጎረቤት በማይለይበት ሜዳ ላይ ግን አይመጥንም። ሰውየው ያው ነው፤ ስግብግብነቱ አልጨመረም። ስለዚህ ሳይፈጸም ለዓመታት የሚንጠለጠል የማስነሣት ዕቅድ ሣሩን ለመጠበቅ ታስቦ ሣሩን የሚያስበላ መሣሪያ ይሆናል። ቅጣትን ከፍ ማድረግም ብቻውን አይፈታውም፤ የቅጣት ክብደት የሚለካው ከመያዝ ዕድሉ ጋር ተባዝቶ ነውና።

ሞዴሉ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር በመንዝ የሚገኘውን የጓሳ የወል ሜዳ ማየት ይጠቅማል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ የጓሳው ሜዳ ለዓመታት ይዘጋና ማኅበረሰቡ በሚያውቀው ቀን ይከፈት ነበር። ይህ አሠራር ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች አንድ ላይ ይዟል። መብቱ ከትውልድ የሚወረስ በመሆኑ ነገ ከባድ ነው፤ ሜዳው ሲዘጋ ደግሞ እዚያ የታየ ከብት ሁሉ ጥፋተኛ ስለሆነ መለየቱ ቀላል ነው። ስንት ከብት አስገባ ብሎ ከመቁጠር ይልቅ ገባ አልገባ ብሎ መጠየቅ እጅግ ርካሽ የመረጃ ሥርዓት ነው፤ በቁጥጥር ምህንድስና የተማረ ሰው ይህን ንድፍ ማድነቅ ይገባዋል። የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የመብቱን መሠረት ሲንደው ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው። ኤሊኖር ኦስትሮም ስለ ወል ሀብት አስተዳደር በጻፈችው የ1990 መጽሐፏ ከስዊስ ተራሮችና ከጃፓን መንደሮች የሰበሰበቻቸው ማስረጃዎችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በራሷ በደባርቅም ለጎብኚዎች በቅሎ የማከራየት ሥራ በተራ ይዳረሳል። ተራው በሁሉም ፊት ስለሚታወቅ የዘለለው ሰው ወዲያው ይታያል፤ ሥርዓቱን ለማስከበርም የጦር መሣሪያ የያዘ ጠባቂ አያሻም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ገበሬ እንዲህ ክፍልፋይ አያሰላም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማስላትም የለበትም። በዘርፉ የታወቀው የመማር ሞዴል ሰዎች የተሳካለትን ጎረቤት ብቻ ቢከተሉ እንኳ ወደ ተመሳሳይ ሚዛን ሊደርሱ እንደሚችሉ ያሳያል። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ ስሜን ሁለት አባወራ ሳይሆን በብዙ ቀበሌዎች የተበተነ ሕዝብ ነው። እዚህ ላይ ነው የባለብዙ ወኪል ቁጥጥር የሚያስፈልገው። እያንዳንዱ የሚያየው ጥቂት ጎረቤቶቹን ነው፤ ጥያቄው ማን ማንን ያያል የሚለው መረብ በገደሉና በሸለቆው የት ላይ እንደሚቆረጥ ነው። መረቡ በተቆረጠበት ቦታ አንድ ጠባቂ መመደብ፣ በደህናው ቦታ ዐሥር ከመመደብ ይበልጣል።

ሦስተኛው የሥነ ምህዳር ባለሙያው ተቃውሞ ነው። ዋልያ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ መተማመን እስኪገነባ ሊጠብቅ አይችልም ይላል። ይህን እቀበላለሁ። ለዋናው መኖሪያው የማያወላዳ ክልከላ ያስፈልጋል፤ ክልከላም እንደ ቄሮው ለመለየት ይቀላል። የጊጭ ሰው ከወረደ ጉዳዩ አልቋል ለሚለው ግን መልሱ አላለቀም ነው። በፓርኩ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ከብት አለ፤ የቀጣይ ማስነሣት ጥርጣሬም አለ። በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በ2021 ዳባት ወረዳ ድረስ ሲዘልቅ ደግሞ ነገን የማመን አቅም ራሱ ተናግቷል፤ ንድፈ ሐሳቡ በእንዲህ ያለ ጊዜ ደንብ ይላላል ብሎ ይጠብቃል።

ሃንስ ሁርኒን የመሰሉ ተመራማሪዎች የስሜንን የአፈር መሸርሸር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለክተዋል። የሰውን ተስፋ የሚለካ ጥናት ግን ያስፈልገናል። ከተራሮቹ ግርጌ የሚገኘው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቻቸውን ወደዚህ ቢመሩ፣ መጀመሪያ የሚለካው አባወራው ከዐሥር ዓመት በኋላ የት እኖራለሁ ብሎ እንደሚያስብ ይሁን። የፓርኩ አስተዳደርም ውጤቱን ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ የሚነሣ መንደር ካለ ቀኑን በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ለማይነሣውም አይነሣም ብሎ በጽሑፍ ያረጋግጥ።