ሃይማኖት፦ የብያኔው ችግርና የአጠናኑ መንገዶች

ሃይማኖት ምሁራን በአንድ ብያኔ ያልተስማሙበት ጽንሰ ሐሳብ ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 እ.ኤ.አ. በመንፈሳዊ ፍጡራን ማመን ነው አለ። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም በ1912 እ.ኤ.አ. ቅዱሱን ከተራው የሚለይ፣ አማኞችንም በአንድ ማኅበር የሚያስተሳስር ሥርዓት አደረገው።

የሁለቱ ልዩነት አዲስ አበባ፣ አራዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። የፒያሳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዓድዋን ድል ይዘክራል፤ ታቦቱም ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዘምቷል። በድሉ በዓል፣ የካቲት 23 ቀን፣ በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ሲሰበሰብ የኖረው ሕዝብ ግን ሁሉም የደብሩ ምእመን አይደለም፤ ሙስሊሙም ይመጣል። በታይለር መለኪያ ይህ በዓል ሃይማኖት አይባልም፤ በዱርካይም ግን ሊባል ይችላል (የዱርካይም ብያኔ ልቅነትም እዚሁ ላይ ነው)።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው። ወሬው ጃማይካ ሲደርስ ራስ ተፈሪያን ንጉሠ ነገሥቱን አምላክ አሏቸው፤ እሳቸው ግን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነበሩ። ባለቤቱ የማይቀበለው አምልኮ ሃይማኖት ከመሆን አልተከለከለም።

አጠናኑም እንዲሁ ይለያያል። የአንድምታ መምህር መጽሐፉን ከእምነቱ ውስጥ ሆኖ ይተረጉማል። ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ ደግሞ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የዛር መንፈስ ሥርዓትን ከውጭ ሆኖ አጠና፤ በኋላም የትያትር ገጽታውን አጉልቶ ጻፈ። ዛር ካለባቸው ብዙዎቹ ጾመኛ ክርስቲያኖች ወይም ሰጋጅ ሙስሊሞች በመሆናቸው፣ ዛርን ራሱን የቻለ ሃይማኖት ማለት ያስቸግራል።

የኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፣ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ግን አይበይንም።