ያልታዘዘው ትምህርት፦ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ማዶ ተማሪዎች

ለትምህርት ሲባል ከወላጅ ቤት መለየት በኢትዮጵያ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። የቆሎ ተማሪ የሚባለው፣ ማለትም ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቦ እህል እየለመነ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ድጓን ፍለጋ ወደ ቤተ ልሔም፣ ቅኔን ፍለጋ ወደ ዋሸራ፣ አቋቋምን ፍለጋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ዘመድ ሳያይ ዓመታትን ያሳልፍ ነበር። ይሁንና በየደረሰበት ደብር የሚጠብቀው መጽሐፍም ሃይማኖትም ያው የሚያውቀው ስለነበረ፣ ጉዞው ዕውቀቱን ያሰፋለት እንጂ አገሩን ከውጭ ሆኖ እንዲመለከት አያደርገውም ነበር። እንዲህ ያለው እይታ የመጣው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ወጣቶችን ባሕር ማሻገር ከጀመሩ በኋላ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የላኪዎቹ ፍላጎት ጠባብ ነበር፤ መንግሥቱ የሚሻው ቋንቋ የሚተረጉም፣ መድፍ የሚተኩስ፣ ሕንፃ የሚያሠራ፣ ሕመምተኛ የሚያክም ሰው እንጂ አገር አስተዳደርን የሚመረምር ሰው አልነበረም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1887 ወደ ጣሊያን ሲሄዱ ሥዕል እንዲማሩ ታስቦ ነበር። በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም፣ ከግብፅ በመጡ ኮፕት መምህራን አማካይነት ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረው የውጭ ቋንቋዎችን ነበር፤ በኋላ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ድጋፍ ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ከተላኩት ወጣቶች መካከልም የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ይገኙ ነበር።

ትምህርቱ ግን ከመማሪያ ክፍል በፊት በመንገድ ላይ ይጀምር ነበር ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሄዱት በበቅሎና በግመል ጉዞ በረሃውን አቋርጠው ነው ወደ ባሕር የወረዱት። ባሕሩ ዳር የሚጠብቋቸው ወደቦች ሁሉ በባዕድ እጅ ነበሩ፤ ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ ኤደን የእንግሊዝ፣ ምጽዋ የጣሊያን ነበረች፤ በስዌዝ ቦይ ሲያልፉም ግብፅን በእንግሊዝ ጦር ሥር አገኟት። የአድዋን ድል እየሰማ ያደገ ልጅ የአገሩ ነፃነት በዙሪያው እንዴት ብቻውን እንደቀረ ለማየት ከዚህ የተሻለ ካርታ አያስፈልገውም ነበር።

ተማሪዎቹ በተላኩበት ሙያና ይዘውት በተመለሱት ሐሳብ መካከል የነበረውን ርቀት ከማንም ይልቅ የሚያሳየው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ነው። ከአድዋ ጦርነት በኋላ፣ በ1896፣ ገና በልጅነታቸው ከሩሲያዊው ሌዎንቲየቭ ጋር ወደ ሩሲያ ሄደው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛነትን ትምህርት ተማሩ። ተመልሰው ግን በመድፍ ከሠሩት ይልቅ በብዕር የሠሩት በለጠ፤ የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ»ን ሲጽፉ፣ በአውሬዎች አንደበት የባለሥልጣናቱን ምግባር ስለነቀፉ ተውኔቱ ታገደ። በጅሮንድ፣ ማለትም የመንግሥት ገንዘብ ኃላፊ፣ ተብለው ከተሾሙ በኋላም የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ይዘው፣ እኚሁ የመድፍ ተማሪ ናቸው። ልጁን ለመድፍ የላከ ማንም ሰው ተውኔትና ሕገ መንግሥት አላዘዘም ነበር።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ደግሞ ማንም አልላካቸውም። በአድዋ አካባቢ የተወለዱት እኚህ ሰው በልጅነታቸው ከምጽዋ በጀርመን መርከብ ተሳፍረው ሄዱና በኦስትሪያና በጀርመን አድገው ተማሩ። በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ግብር በሕግ እንዲወሰንና የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥቱ ሀብት እንዲለይ ጠየቁ። ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1924፣ በወጣው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ጦር ሳይዘምትበት ነፃነቱን ሊያጣ እንደሚችል አስረዱ። ይህን ለማየት ጥሬ ዕቃ የሚሸጠውንም የፋብሪካ ዕቃ የሚሠራውንም አገር ገበያ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ሆነው ያገለገሉት ገብረ ሕይወትም ሁለቱንም ያውቁ ነበር።

እዚህ ላይ፣ ባሕር የተሻገረ ሁሉ በአንድ ዓይን አየ ብሎ መደምደም አይገባም። በ1908 በሮም የታተመውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ፣ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን፣ የጻፉት አፈወርቅ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በያዘችበት ዘመን ለወራሪው አድረዋል። ንጽጽር ለአንዱ የመታደሻ መንገድ ሲሆነው፣ ለሌላው የበላይ ለመሰለው ኃይል መንበርከኪያ ሊሆን ይችላል፤ ተመላሾቹን በጥርጣሬ ያዩ የነበሩት ካህናትና መኳንንት ፍርሃታቸው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለትም አይቻልም።

መላኩ በያን በአሜሪካ ያዩት ከዚህ የተለየ ነበር። በኦሃዮ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ፣ ቀጥሎም የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ በሆነው በሃዋርድ ሕክምና ተማሩ። በቀለም ልዩነት የሚተዳደር ኅብረተሰብ ውስጥ መኖር፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት የተፈሪ መኮንን ዘመድ የነበሩትን ወጣት የኢትዮጵያ ጉዳይ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ እንደሆነ ወደ ማመን አደረሳቸው፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር የመሠረቱትም ለዚህ ነው። ሐኪም እንዲሆኑ የተላኩት ሰው ጉልበታቸውን በዚህ ሥራ ጨርሰው በ1940 እዚያው በስደት አረፉ።

በአገር ውስጥም በ1936 በወለጋ የተቋቋመውን የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር የመሩት፣ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ ጫካ ውስጥ ሆኖ እንኳ 10 አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፤ በደንቡም የጦሩ ክፍል ለሲቪሉ ክፍል እንዲታዘዝና ምርኮኛ እንዳይበደል ተደነገገ። ጣሊያኖች እንዲህ ያሉ የተማሩ ሰዎችን ከቁጥራቸው በላይ ይፈሯቸው ነበር፤ በየካቲት 1937 የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ፣ በእንግሊዝ ምሕንድስና የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ቤንጃሚንና ዮሴፍ፣ ከሌሎች በርካታ የተማሩ ወጣቶች ጋር ተገደሉ። በ1941 ነፃነት ሲመለስ በየሚኒስቴሩ የሚቀመጥ የተማረ ሰው ስለጠፋ፣ መንግሥቱ አንድ ትውልድ እንደ አዲስ መላክ ነበረበት።