«ምንም አልተገኘም» ሲልዎት፦ ስለ ሰቆጣና ዋግ ኽምራ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ኢንተርኔት ላይ መረጃ መፈለግ ቀላል ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ ኽምራ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ገጹ አልከፈት ይለዋል፣ ወይ ያልጠየቀው ነገር ይመጣለታል፣ ወይ ደግሞ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል። ያን ጊዜ «ስለ እኛ አገር የጻፈ የለም» ብሎ ይተወዋል። እኔ እንደታዘብኩት ግን ጽሑፉ እያለ ኮምፒውተሩ ወይም የፊደል አጣጣላችን የሚያሳጣን ብዙ ነው። ስለዚህ ዘመድም ጎረቤትም ሲጠይቀኝ የምከተለውን ቅደም ተከተል እነሆ።

1. መስመሩ መኖሩን ያረጋግጡ

ከሁሉ በፊት ሌላ የሚያውቁትን ድረ ገጽ ይክፈቱ። እሱም ካልተከፈተ ችግሩ የፍለጋ ሳይሆን የመስመር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ፣ ኮምፒውተራቸውን በስልክ በኩል የሚያገናኙ ሰዎች ጥፋቱ የማሽናቸው መስሏቸው ዊንዶውስ እስከ ማስጫን የደረሱ አሉ። መስመር ከሌለ ኮምፒውተሩን መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

2. ቀንና ዓመቱን ይመልከቱ

ሌላው ገጽ ተከፍቶ ጉግል ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካሳየ፣ ዓይንዎን በስክሪኑ ግርጌ ወዳለው ሰዓት ይጣሉ። ድረ ገጾች የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የማንነት ማረጋገጫ ይዘዋል። ኮምፒውተሩ በዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ ማረጋገጫው ገና ያልተጀመረ ይመስለውና ገጹን አልከፍትም ይላል።

ይህ በእኛ አገር በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው፣ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮው ከተመለሰ፣ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ ደክማለች ማለት ነው፤ በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ ትቀየር። ሁለተኛው፣ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስበው በአውሮፓውያን ስለሆነ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. «2016» ብሎ የሞላ ሰው ማሽኑን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል፤ ትክክለኛው 2023 ነበር።

3. ማሰሻው አርጅቶ እንዳይሆን

ዊንዶውስ 7 ለተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ክሮም ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ እትም ማውጣት አቁሟል። ጉግልም ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጃቫስክሪፕት ካልበራ ፍለጋውን አይሠራም። ዳታ ለመቆጠብ ብለው ይህን አጥፍተው ከሆነ ይመልሱት።

4. ፍለጋው ወደማያውቁት ገጽ ከሄደ

ጉግል ላይ የጻፉት ቃል ማስታወቂያ ወደሞላበት እንግዳ ገጽ የሚወስድዎት ከሆነ፣ ከፍላሽ ወይም ከነፃ ፕሮግራም ጋር የገባ ተለጣፊ ማሰሻዎን ይዞታል። በማሰሻው ቅንብር ውስጥ «ኤክስቴንሽን» የሚለውን ይክፈቱና እርስዎ ያላስገቡትን ይሰርዙ፤ መፈለጊያውንም ወደ ቀድሞው ይመልሱ። ከዚያ በኋላ በቫይረስ ማጥፊያ ያስፈትሹ።

5. ፊደሉን እየለወጡ ይሞክሩ

ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ውጤት ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ያላቸው ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ዋግ ኽምራ፣ ዋግኽምራ፣ ዋግ ህምራ፣ ዋግ ሕምራ እያሉ ለየብቻ መፈለግ ያስፈልጋል። «በሰቆጣ»፣ «ከሰቆጣ»፣ «የሰቆጣ» ተብሎ ተለጥፎ የተጻፈውም «ሰቆጣ» ብቻ ሲሉ ላይመጣ ይችላል። በላቲን ፊደልም አንዱ ከተማዋን በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፋታል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ባዳረሰ ጊዜ፣ ስልክ አልገባ ብሎን የወገኖቻችንን ወሬ ከድረ ገጽ ስንለቅም፣ በአንዱ አጻጻፍ ያልታየኝ ዜና በሌላው ይገኝ ነበር።

የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ ብዙ ጽሑፍ አለ። በድሮው አሠራር የተጻፈው ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለመፈለጊያው የላቲን ምልክቶች ክምር ነው። እንደ ፎቶ ተነሥቶ የተጫነ ደብዳቤም ብዙ ጊዜ በውስጡ ባለው ቃል አይገኝም። እንዲህ ያለውን በርእሱ ወይም ባወጣው መሥሪያ ቤት ስም ይፈልጉት።

6. ስመ ሞክሼዎችን ይለዩ

«ዝቋላ» ቢሉ ቀድሞ የሚመጣው ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ተራራና ገዳም ነው፤ የዋግ ኽምራው ዝቋላ ወረዳ ከኋላ ይቀራል። «አበርጌሌ» ቢሉ በአማራም በትግራይም አለ። ሰቆጣ አጠገብ ያለውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲፈልጉ የትግራይዋ ውቅሮ ትደባለቅብዎታለች። መፍትሔው ሙሉ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ከቶ «ሰቆጣ» ወይም «ዋግ ኽምራ» የሚለውን መጨመር ነው። የማይፈልጉትን ቃል ደግሞ የመቀነስ ምልክት ከፊቱ አስጠግተው ቢጽፉ ይወጣል፤ ለምሳሌ፦ ዝቋላ -ቢሾፍቱ።

7. ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ

የሰቆጣ ቃል ኪዳን ጥሩ ምሳሌ ነው። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል የገባበት ይህ ሰነድ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሁሉ ግን 2015 ነው የሚለው። በአንዱ ዓመት ብቻ የፈለገ የግማሹን መንገድ ነው የሄደው። በተቃራኒው ስለ ከተማዋ ብቻ ማወቅ የሚፈልግ «ቃል ኪዳን» የሚለውን በመቀነስ ምልክት ያውጣ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተገኘ፣ ነገሩ ድረ ገጽ ላይ አልወጣም ማለት ይሆናል። የዋግ ታሪክ ብዙው በአባቶች አፍና በየቤተ ክርስቲያኑ ብራና ላይ ነው ያለው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደሚያውቅ ሰው መደወል ይሻላል፤ የተገኘውንም በዩኒኮድ ጽፎ ማውጣት ለሚቀጥለው ፈላጊ ትልቅ ውለታ ነው።