የተረጋጋ የተባለው ከርነል

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2001 ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስ ከርነል 2.4.15ን ለቀቀ። በዚያው ዕለት 2.5 የተባለውን አዲስ የልማት መስመር ከፈተ፤ የ2.4ን አደራ ደግሞ ኮኔክቲቫ በተባለ የብራዚል ኩባንያ ይሠራ ለነበረው፣ ሃያ ዓመት ገና ላልሞላው ማርሴሎ ቶሳቲ አስረከበ። ኤክስት3 የተባለው ፋይል ሲስተም ወደ መደበኛው ከርነል የገባውም በዚሁ ሥሪት ነው። የሚለቀቀው ዕቃ ሙሉ፣ ተረካቢውም የታወቀ ነበር። ቶሳቲ ግን በሦስተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 26፣ 2.4.16ን ለማውጣት ተገደደ፤ 2.4.15 የዲስክ ይዘት ያበላሽ ነበርና።

ብልሽቱ የሚደርስበት ሰዓት ልብ ሊባል ይገባል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ምንም ምልክት አያሳይም። ጉዳቱ የሚመጣው ፋይል ሲስተሙ ሲነቀል፣ ማለትም አንድ ሰው ሰርቨሩን በደንቡ መሠረት ሲያጠፋ ወይም እንደገና ሲያስነሳ ነበር። እያንዳንዱ ፋይል መጠኑን፣ ባለቤቱንና ይዘቱ በዲስኩ ላይ የት እንዳረፈ የሚናገር ኢኖድ የሚባል መዝገብ አለው። ከርነሉ የተለወጡ ኢኖዶችን ዲስክ ላይ ሳያሰፍር ከሚሞሪ ይጥላቸው ነበር። በጥንቃቄ ያጠፋ ባለሙያ በጥንቃቄው ተጎዳ። ሥሪቱን አስቀድመው ለጫኑ ሰዎች የተሰጠው ምክርም ከማጥፋት በፊት ያልተጻፈውን ሁሉ አስገድዶ ማጻፍ፣ ሲነሳም የዲስክ ፍተሻውን በግድ ማስኬድ ነበር። ስህተቱ የተቀመጠበት ቦታም መዘንጋት የለበትም፦ አዲስ በገባው በኤክስት3 ውስጥ ሳይሆን፣ ፋይል ሲስተሞች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የኢኖድ ኮድ ውስጥ ነው።

ይህ በአንድ ክፉ ሳምንት የደረሰ ብቸኛ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። በጊዜው ደንብ ሁለተኛው አኃዝ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ከርነሉ የተረጋጋ፣ ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ የሙከራ ነው። 2.4 በጃንዋሪ 2001 ሲወጣ ይህ ስም ተሰጥቶታል። ሆኖም በሴፕቴምበር በወጣው 2.4.10 ላይ ቶርቫልድስ የሚሞሪ አስተዳደሩን ከሥሩ ነቅሎ በአንድሪያ አርካንጄሊ ሥራ ተካው፤ በ«ተረጋጋ» መስመር መካከል ማለት ነው። አለን ኮክስ በራሱ የከርነል ቅርንጫፍ የሪክ ቫን ሪልን የቀድሞ ሥራ ይዞ ለጊዜው ጸና። ኦክቶበር 9 የወጣው 2.4.11 ደግሞ በምልክታዊ ማያያዣዎች አያያዝ ላይ ስህተት ስለተገኘበት በሁለት ቀን ውስጥ በ2.4.12 ተተካ፤ በከርነሉ ማኅደር ውስጥ ዛሬም በፋይል ስሙ ላይ «ዶንትዩዝ» (አትጠቀሙበት) የሚል ማስጠንቀቂያ ተቀጥሎለት ይገኛል። በእኔ ግምገማ በዚያ መጸው የሥሪት ቁጥር ምስክርነቱን አጥቶ ነበር።

ታዲያ ለሥራ ማሽን ኃላፊነት የነበረበት ሰው ዝም ብሎ አሮጌውን ይዞ መቀመጥ አይችልም ነበር ወይ? አይችልም ማለት ይቀላል። የቀድሞው ኤክስት2 ጆርናል የለውም፤ መብራት በድንገት ከጠፋ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ አለበት፣ ትልቅ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ፍተሻው ሰዓታት ይወስዳል። ጆርናል ያለው ፋይል ሲስተም የመጨረሻዎቹን ለውጦች ከማስታወሻው አንብቦ ቶሎ ይነሳል። ራይዘርኤፍኤስ ከ2.4.1 ጀምሮ በመደበኛው ከርነል ውስጥ ስለነበር፣ በተለይ የሱሴ ተጠቃሚዎች ይዘውታል። ኤክስት3ን የመረጡት ደግሞ ያለ ቅርጸት ለውጥ፣ የነበራቸውን ኤክስት2 ዲስክ ባለበት ጆርናል ጨምሮ ማሻገር ስለሚቻል ነው።

መዝገቡ የሚነግረን እንግዳ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሬድ ሃት ሊኑክስ 7.2 ኦክቶበር 22 ቀን 2001 ሲወጣ ኤክስት3ን ቀዳሚ ምርጫው አድርጎ ነበር፤ ከርነሉ ግን 2.4.7 ነው። ኩባንያው አሮጌ መሠረት ይዞ፣ የሚያስፈልገውን ፋይል ሲስተም በራሱ እጅ ጨመረበት። «መደበኛው ከርነል እስኪቀበለው ልጠብቅ» ብሎ አንድ ወር የታገሠ ጠንቃቃ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው 2.4.15ን ነው። ሬድ ሃት ይህን ልማድ አልተወም፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ኤክስኤፍኤስን ቀዳሚ ፋይል ሲስተሙ አድርጎ፣ ከአዳዲሶቹ ሥሪቶች ማስተካከያ እየቀዳ፣ እስከ 2024 በ3.10 ቁጥር ቆይቷል። ቁጥሩ ቆመ፤ ውስጡ ግን ሲለዋወጥ ነበር።

በ2018 የደረሰው ሌላ የዳታ ብልሽት ደግሞ ጥፋተኛን መለየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል። ኦክቶበር 22 የወጣው 4.19 ረጅም ድጋፍ የሚሰጠው ሥሪት ነበር። በኖቬምበር የተበላሸ ዳታ የሚያመለክቱ ሪፖርቶች መጡ፤ ተከሳሹም ጩኸቱ የተሰማበት ኤክስት4 ፋይል ሲስተም ሆነ። ዋና ጠባቂው ቴድ ጾ ብልሽቱን በራሱ ማሽን ላይ ሊደግመው አልቻለም። በዲሴምበር የከርነል አልሚው የንስ አክስቦ ያገኘው ምክንያት ከፋይል ሲስተሙ በታች፣ ጥያቄዎችን ለዲስክ በሚያቀርበው ንብርብር ውስጥ ነበር። አንድ ጥያቄ በቀጥታ ይላካል፤ መሣሪያው ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ከመለሰው ወደ ወረፋ ይገባል፤ እዚያም ከጎረቤት ጥያቄ ጋር ይዋሐዳል። ለመላክ አስቀድሞ የተሰናዳው የሚሞሪ አድራሻ ሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ያውቃል፤ ስለዚህ የተዋሐደው ጥያቄ ሲፈጸም የሚነበበውም ሆነ የሚጻፈው ያ ክፍል ብቻ ይሆናል። ኤክስት4 ያደረገው ነገር ቢኖር የተሰጠውን የተበላሸ ዳታ አይቶ መጮህ ነው። ጩኸቱን ለጥፋት መውሰድ በጊዜው የሚያስኮንን አይደለም፤ በእጅ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር።

በ2023 የደረሰው ብልሽት ደግሞ ከሁሉም ጠንቃቃ የሆነውን መንገድ ነካ። በረጅም ድጋፍ ላይ ወደነበረው 6.1 መስመር፣ 6.1.64 ላይ፣ ለኤክስት4 ቀጥተኛ ጽሕፈት የተሠራ አንድ ማስተካከያ ከአዲሱ ከርነል ተቀድቶ ገባ። ማስተካከያው የሚመረኮዝበት ሌላ ለውጥ ግን በአዲሱ ከርነል ውስጥ እንጂ በ6.1 ውስጥ አልነበረም፤ አብሮም አልመጣም። ሁለቱ ሲለያዩ ከቀጥተኛ ጽሕፈት በኋላ ከርነሉ የሚይዘው የፋይል ቦታ ባልታሰበ መልኩ ይንቀሳቀስ ጀመር። ዴቢያን ይህንኑ ከርነል ይዞ 12.3ን ሊለቅ በተዘጋጀበት በዲሴምበር 9 ችግሩ ተሰማ። የመጫኛ ዲስኮቹ ዝግጅት ቆመ፣ ተጠቃሚዎችም ማሽኖቻቸውን እንዳያሻሽሉ ተነገራቸው፤ በማግስቱ 6.1.66ን የያዘው 12.4 ወጣ። በራስ ሰር የሚሻሻሉ ሰርቨሮች ማስጠንቀቂያውን ሳይጠብቁ 6.1.64ን ጭነው ሊሆን ስለሚችል፣ አስተዳዳሪዎቹ በየማሽኑ የትኛው ከርነል እንደተነሳ ለማየት እየዞሩ መፈተሽ ነበረባቸው።